ምሕረቱ ከማን ኪስ ይወጣል?

ጥያቄው ከሐዋሳ የመጣ ነው። ጠያቂዋ በገበያ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም የሚሸጡ፣ የሠላሳ ሰው ዕቁብ ዳኛ የሆኑ እኅት ናቸው። በዕቁቡ እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ 1,000 ብር ይጥላል። ከአባላቱ አንዱ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብሯቸው የሚያመልክ ነጋዴ፣ በአምስተኛው ሳምንት ዕጣ ወጥቶለት 30,000 ብር ተቀበለ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ጣለና አቆመ። ዕቁቡ እስኪያልቅ የሚፈለግበት 18,000 ብር ነው። ሲጠየቅ «ንግዱ ቀዝቅዞብኛል፤ እግዚአብሔር መሐሪ ነው፣ እርስዎም ይማሩኝ» ይላል። ዕጣ ያልደረሳቸው አባላት ዋሱ ይያዝልን እያሉ ነው፤ ዋሱ ደግሞ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር ዘመዱ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ «ለክርስቲያን ምሕረት ይቀድማል» ብለዋቸዋል። ጠያቂዋ እንዲህ ጽፈዋል፦ «እግዚአብሔር ጻድቅም መሐሪም ከሆነ፣ እኔ እንደ ልጁ የትኛውን ባሕርዩን ልከተል? ብምር የድሆችን ገንዘብ አስበላለሁ፤ ባስከፍል ጨካኝ እባላለሁ። ዕዳውን ቢጨርስስ በሚቀጥለው ዕቁብ ልቀበለው?»

የምመልሰው የክርስቲያን ሥነ ምግባርን እንደሚያስተምር ሰው ነው፤ የዋስትናውን ሕጋዊ ጎን ለሕግ ባለሙያ እተዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድመን ነጋዴው የለመነዎትን ነገር ለይተን እንመልከት። 18,000 ብሩ የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ገንዘቡ ግን ዕጣቸውን ገና የሚጠብቁ ሰዎች ነው፤ እርስዎ በአደራ ያዙት እንጂ አልተሰጠዎትም። ስለዚህ «ይማሩኝ» ሲል የሚለምነው ከሌሎች ኪስ አውጥተው እንዲምሩት ነው። የእግዚአብሔር ምሕረት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲህ ሆኖ አይገኝም፤ እርሱ ሲምር ዋጋውን የሚሸከመው ራሱ ነው። ቀጥሎ የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

«የትኛውን ባሕርዩን ልከተል?» የሚለው ጥያቄዎ ግን ራሱ መመርመር ይገባዋል፤ ይህን ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስለመደን በአብዛኛው ስብከታችን ነውና። አንድ እሑድ ስለ ፍቅሩ፣ ሌላ እሑድ ስለ ቅድስናው፣ አልፎ አልፎም ስለ ቁጣው እንሰማለን፤ ሰሚውም እነዚህ እየተፈራረቁ የሚነግሡ፣ አንዱ ሲበረታ ሌላው የሚሸሸግ ይመስለዋል። እግዚአብሔር ስለ ገዛ ባሕርዩ በሰፊው የተናገረበት ቦታ ዘጸአት 34፥6-7 ነው። ጊዜው እስራኤል የወርቁን ጥጃ ሠርተው፣ የመጀመሪያዎቹ ጽላት ተሰብረው፣ ሙሴ ሁለተኛዎቹን ይዞ ወደ ሲና የወጣበት ነው። ሕዝቡ ጥፋተኛ፣ ኪዳኑም የፈረሰ በሆነበት በዚያ ሰዓት እግዚአብሔር «መሓሪ፣ ሞገስ ያለው፣ ታጋሽም፣ ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት» ብሎ ስሙን ያውጅና፣ ሳያቋርጥ «አበሳንና መተላለፍን ኃጢአትንም ይቅር የሚል፣ በደለኛውንም ከቶ የማያነጻ» ብሎ ይቀጥላል። ይቅር የሚለውና በደልን እንዳልተፈጸመ የማይቆጥረው አንድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ተነግረዋል።

ይህ ቃል በኋለኞቹ መጻሕፍት ደጋግሞ ይመጣል፣ አንዳንዴም ተከፍሎ ይጠቀሳል። ዮናስ በ4፥2 የምሕረቱን ክፍል ብቻ ያነሣል፤ የሚያነሣውም ሊያመሰግን ሳይሆን፣ ነነዌን ለምን ማርህ ብሎ አምላኩን ሊወቅስ ነው። ናሆም ስለዚያችው ከተማ ሲናገር በ1፥3 ታጋሽነቱን ጠቅሶ በደለኛውን ንጹሕ ነህ እንደማይል ወደሚያስረዳው ክፍል ያልፋል። ነነዌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ወደቀች። በሁለቱ ነቢያት መካከል የተለየው የከተማዋ አካሄድ ነው፤ በዮናስ ዘመን ማቅ ለብሳ በእጇ ካለው ግፍ ተመልሳ ነበር፣ በናሆም ዘመን «የደም ከተማ» ተብላ ትጠራለች። አምላኩ ያው ነው።

ይህን አንድነት መታገሥ ያቃተው ሰው በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይታወቃል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመርከብ ባለቤት የነበረው መርቅያን ፈራጁን የብሉይ ኪዳን አምላክና ቸሩን የኢየሱስ አባት ሁለት የተለያዩ አማልክት አደረጋቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ144 የሮም ቤተ ክርስቲያን ከኅብረቷ ለየችው። (ቀደም ብሎ በስጦታ ያገባውን 200,000 ሴስተርስ የተባለ የሮማውያን ገንዘብም መልሳለታለች፤ የማትቀበለውን ሰው ገንዘብ ይዛ አልቀረችም።) የእኛ መርቅያንነት ከእርሱ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው። አምላክን በቃል አንከፍለውም፤ በኑሮ ግን ዕዳ ያለብን ቀን መሐሪውን፣ ዕዳ የሚከፈለን ቀን ጻድቁን እንጠራለን።

ነጋዴው ሳይጠቅሰው የማይቀረውን ምሳሌ ልውሰድ። በማቴዎስ 18፥23-35 ንጉሡ ለባሪያው እልፍ መክሊት ይተውለታል። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይገመት ነበር፤ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ 20፥2 እንደምናየው የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ዕዳው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ያህል ነበር፤ ባሪያው ወጥቶ ባልንጀራውን አንቆ የያዘው ግን በመቶ ዲናር ነው። ምሳሌው ሲሰበክ የባሪያው ጭካኔ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሳይነገር የሚታለፈው ግን ንጉሡ የተወው የራሱን ገንዘብ መሆኑ ነው። ዕዳው በተሠረዘባት ሰዓት ከንጉሡ ግምጃ ቤት እልፍ መክሊት ጎደለ፤ ያንን ጉድለት ለጎረቤት አላስተላለፈም። ባሪያውም ምሮ ቢሆን ኖሮ የሚጎድለው የራሱ መቶ ዲናር ነበር። ይህን ምሳሌ አንሥቶ የሚሞግትዎ ሰው ካለ፣ በታሪኩ ውስጥ የእርስዎ ቦታ የንጉሡም የባሪያውም እንዳልሆነ በአክብሮት ይንገሩት። እርስዎ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዙ ሰው ነዎት፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ከውስጥ ያለውን ለፈለገው ቢሰጥ ቸር አይባልም።

የመስቀሉም ነገር እንዲሁ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 3፥25-26 እግዚአብሔር ቀድሞ የተፈጸመውን ኃጢአት በትዕግሥት ማለፉ ጽድቁን የሚያጠያይቅ መስሎ እንደነበር አይሸሽግም። ያቀረበው መልስ ኃጢአት ቀላል ነገር ነበር የሚል አይደለም፤ እግዚአብሔር ክርስቶስን በደሙ ማስተስረያ አድርጎ ማቆሙን፣ በዚህም እርሱ ራሱ ጻድቅ እንደሆነና በኢየሱስ የሚያምነውንም እንደሚያጸድቅ ማሳየቱን ይናገራል። ዕብራውያን 7፥22ም ኢየሱስ ለሚሻል ኪዳን ዋስ ሆነ ይላል፤ ዋስ መሆን ምን እንደሚያስከፍል ለዕቁብ ዳኛ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ይህን ምሥጢር በተለያየ አገላለጥ ያስተምራሉ፤ ዋጋው ከእግዚአብሔር ዘንድ መውጣቱን ግን የሚክድ የለም።

በዚህ ዐይን ሲታይ በ2ኛ ሳሙኤል 12 ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው ታሪክ ለእርስዎ ጉዳይ ከማንኛውም ክፍል ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል። ብዙ በግና ላም ያለው ባለ ጠጋ እንግዳ መጣበት። እንግዳ መቀበል በጎ ሥራ ነው፤ በእኛም አገር ከታላላቆቹ ምግባሮች አንዱ ነው። ባለ ጠጋው ግን ከራሱ መንጋ ማረድ ሳስቶ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ። እንግዳው በልቶ ጠግቦ፣ አስተናጋጁንም መርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከማዕዱ ፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታየው ልግስና ነው፤ በድሃው ቤት ቆሞ ለሚያይ ግን ዝርፊያ ነው። እርስዎ ነጋዴውን ቢምሩት እርሱና ሽማግሌው ደግ ነሽ ሊሉዎት ይችላሉ፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ዕጣ የሚደርሳት ሻይ ሻጭ ግን ለልጇ ትምህርት ያሰበችው ገንዘብ ጎድሎ ስታገኘው ምሕረት አድርገውልኛል አትልም።

ዘሌዋውያን 19 በቍጥር 2 «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ቅዱስ ነኝና እናንተ ቅዱሳን ሁኑ» ብሎ ይጀምርና፣ ቅድስና በኑሮ ምን እንደሚመስል ሲዘረዝር ወደ እርሻ ቃርሚያ፣ ወደ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ወደ ሚዛንና መስፈሪያ ይወርዳል። ብዙዎቻችን ቅድስና ስንል ጾምና ጸሎት፣ አለባበስና አነጋገር ይታየናል፤ ምዕራፉ ግን የእግዚአብሔርን ቅድስና ገበያ ድረስ ያወርደዋል። በቍጥር 15 ላይ ደግሞ ለእርስዎ ወንበር የተጻፈ የሚመስል ቃል አለ፦ «ለድሀ አታድላ፣ ባለ ጠጋውንም አታክብር፤ ነገር ግን ለባልንጀራህ በእውነት ፍረድ።» ድሃን አብዝቶ የሚሟገትለት መጽሐፍ በፍርድ ወንበር ላይ ለድሃ እንኳ ማድላትን መከልከሉ ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ በአድልዎ የሚጎዳው ሌላው ወገንም ብዙውን ጊዜ ድሃ ነው።

እንግዲህ ላስከፍል ማለት ነው ካሉኝ፣ አዎ እላለሁ። አከፋፈሉ ግን የአምላክዎን ጠባይ ይምሰል። በዘፍጥረት 18፥21 ሁሉን የሚያውቅ እግዚአብሔር ስለ ሰዶም ጩኸት በሰማ ጊዜ ወርጄ አያለሁ ይላል፤ ሳይመረምር እንደማይፈርድ ሊያሳየን ነው። በምንኖርበት አካባቢ የሲዳማ አባቶች አፊኒ በሚባለው ባህላዊ የሽምግልና ሥርዓት ተቀምጠው የሁሉንም ወገን ቃል ሳይሰሙ ነገር አይቋጩም፤ ይህ ልማድ ብዙ የዕቁብ ስብሰባዎችን ቢገዛቸው መልካም ነበር። ስለዚህ ነጋዴውን ለብቻው፣ ቢቻል ከሁለት አስተዋይ አባላት ጋር ሆነው ያነጋግሩት፤ ሱቁንም ሄደው ይዩት። ሊታወቅ የሚገባው ነገር አልቻለም ወይስ አልፈለገም የሚለው ነው። መዝሙር 37፥21 «ኃጢአተኛ ይበደራል አይከፍልምም» ሲል እጁ ያጠረበትን ሰው እያወገዘ አይመስለኝም፤ እዚያው ላይ «ጻድቅ ግን ይራራል ይሰጣልም» ማለቱ ያጣ ሰው መኖሩን ያውቃልና። 30,000 ብሩን ዕቃ ገዝቶበት ሱቁ ሞልቶ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ዕቁብ ውስጥ ገብቶ እየጣለ ከሆነ፣ የምሕረት ልመናው ከእውነት የተለየ ነው፤ ሙሉውን በቁርጥ ቀን ይጠይቁት። በእርግጥ ከስሮ ከሆነ ዕዳው አይሠረዝም፣ ጊዜው ግን ሊራዘም ይችላል፤ በሳምንት 1,000 ያቃተው ሰው 300 ወይም 400 ይችል ይሆናል። ይህን ማራዘሚያ ግን በራስዎ ሥልጣን አይስጡት፤ ዕጣ ያልደረሳቸው አባላት ተሰብስበው ይስማሙበት፣ ጸሐፊውም በመዝገብ ያስፍረው። የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና ትዕግሥቱን የመስጠት መብት ያላቸውም እነርሱ ናቸው።

ዘዳግም 24 ስለ ዕዳ አሰባሰብ ሁለት ነገር ይከለክላል፤ ሁለቱም ዛሬ ይሠራሉ። በቍጥር 6 ወፍጮን መያዣ አድርጎ መውሰድ የሰውን ነፍስ እንደ መውሰድ ተቆጥሯል፤ የሚበላበትን መሣሪያ የወሰዱበት ሰው መክፈያም መኖሪያም ያጣልና። አባላቱ የነጋዴውን ሚዛን ወይም የሱቁን ዕቃ ጭነን እንምጣ ካሉ ይህን ያሳስቧቸው። በቍጥር 10 እና 11 ደግሞ አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ሕጉ ዕዳውን አልሠረዘም፤ የባለ ዕዳውን ደጅና በልጆቹ ፊት ያለውን ክብር ግን ጠበቀለት። ፎቶግራፉን በቴሌግራም ማሰራጨት ወይም በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ማዋረድ በዚህ ሕግ መንፈስ የተከለከለ ነው ብዬ አምናለሁ። በሮሜ 12፥19 እግዚአብሔር በቀልን ለራሱ ብቻ አስቀርቷል፤ ልጁ ሁሉን ነገር ከአባቱ አይኮርጅም፣ አባት ለራሱ ያስቀረው ሥራ አለና። እኛ የሰውን ልብ አናይም፤ ስለዚህ ገንዘቡን እናስመልሳለን እንጂ ሰውየውን የመቅጣት ሥልጣን አልተሰጠንም።

ወደ ዋሱ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ፈቅዶ ዋስ ሆኗል፤ ቃሉ ቃል ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በ6፥1-5 ለባልንጀራው ዋስ የሆነ ሰው ዓይኑን ሳይከድን ሄዶ ነገሩን እንዲጨርስ ይመክራል፤ ስለዚህ ዋሱን አሁኑኑ ጠርቶ ዘመዱን እንዲጎተጉት መንገር ተገቢ ነው። ሆኖም ገንዘቡን ያልበላ የጥበቃ ሠራተኛ ከፍሎ የበላው ነጋዴ ሱቁን ከፍቶ ቢውል፣ መዝገቡ ይዘጋል እንጂ ፍትሕ አልተደረገም። በእኔ አስተያየት ነጋዴው ያለው ሁሉ ሳይፈተሽ ወደ ዋሱ ደመወዝ መሄድ አይገባም፤ የግድ ከሆነም በትንሽ በትንሹ ይሁን።

ምሕረት ይቀድማል ያሉትን ሽማግሌ ላከብራቸው እወዳለሁ፤ ምክራቸው ግን የጎደለው ነገር አለ። ጳውሎስ ባሪያ ስለ ነበረው ስለ አናሲሞስ ለጌታው ለፊልሞና ሲጽፍ በ18 እና 19 ቍጥር ላይ፣ ብድር ካለበት በእኔ ላይ ቍጠረው፣ እኔ እመልሰዋለሁ ይላል፤ በገዛ እጁም ይጽፈዋል። ፊልሞናን ምሕረት ሲለምነው የራሱን ኪስ ከፍቶ ነው። ሽማግሌው፣ ወይም ቤተ ክርስቲያኒቱ ለችግረኞች ካላት ገንዘብ፣ ከ18,000 ብሩ የተወሰነውን ሸፍነው የቀረውን እርሱ እንዲከፍል ቢረዱት፣ ያን ጊዜ ምክራቸው ሙሉ ይሆናል። ይህን ያለ ሐፍረት ሊጠይቋቸው ይችላሉ። እርስዎም ከራስዎ ትርፍ የአንድ ሳምንት መዋጮ ልክፈልለት ቢሉ፣ «አባታችሁ ርኅሩኅ እንደ ሆነ ርኅሩኆች ሁኑ» የሚለው የሉቃስ 6፥36 ቃል በትክክል የሚፈጸመው በዚያ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም፣ ዳኛ መሆንዎም አያስገድድዎትም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥7 ብትነጠቁ አይሻልምን ብሎ ሲጠይቅም የራሱን መብት ስለሚተው ሰው ተናገረ እንጂ የጎረቤቱን መብት ስለሚተው አልተናገረም።

ጨካኝ እባላለሁ የሚለው ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ገበያ ለሚውል ሰው ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ልጁ ማለትዎ ግን ትልቅ ነገር ይዟል። ኤፌሶን 5፥1 እግዚአብሔርን እንድንከተል ሲያዘን እንደ ተወደዱ ልጆች ብሎ ነው፤ አሥርቱ ትእዛዛትም በዘጸአት 20፥2 ከግብፅ ያወጣሁህ አምላክህ ነኝ በሚል ይጀምራሉ። መወደዱና መውጣቱ ከትእዛዙ ቀድመዋል። ስለዚህ ትክክለኛ ፍርድ የሚፈርዱት እግዚአብሔርን ለማስደሰት ተጨንቀው ወይም የሰውን ሐሜት ለማምለጥ ሊሆን አይገባም። የአባቱን ጠባይ ያየ ልጅ ገበያ ሲወርድም በዚያው ጠባይ ይሠራል፤ ስሙን የሚጠብቅለት አባቱ ነው።

ስለሚቀጥለው ዕቁብ ለጠየቁኝ፣ ዕዳውን ከጨረሰ ይቀበሉት። ይቅርታ ግን መተማመንን በአንድ ቀን አይመልስም፤ መዝሙር 99፥8 ስለ ሙሴና ስለ አሮን ዘመን ሲናገር እግዚአብሔር ይቅር እንዳላቸው፣ የሥራቸውንም ውጤት እንዳልተወው ሁለቱንም ይመሰክራል። አባላቱ አስቀድመው ተስማምተው የእርሱ ዕጣ ከመጨረሻዎቹ ሳምንታት በአንዱ እንዲሆን ቢወስኑ አልበደሉትም፤ ሳይቀበል ሲጥል ከቆየ የሚፈራበት ነገር አይኖርም። ዋሱም በዚህ ጊዜ ከጥበቃ ሠራተኛው ዘመዱ ሌላ፣ ገቢው የዕቁቡን መዋጮ የሚችል ሰው ይሁን፤ ከመፈረሙም በፊት ባለፈው ዕቁብ የሆነውን እርስዎ ራስዎ ሳያስቀሩ ይንገሩት።